ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ

አንድ ሌሊት ይታሰብ። ቦታው ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት አዋላጅ ነርሶች አሉ። አንዷ ምጥ ላይ ያለች ሌላ ሴት ትከታተላለች፤ ሁለተኛዋ አሁን የተወለደውን ልጅ ታደርቃለች። ልጁ አለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ተከናንባ የተቀመጠችው አያት ድምፁን ሰምታ እልል አለች። ልጁ ተመዘነ፤ 3 ኪሎ ከ200። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እናትየዋ «ሲስተር፣ በረደኝ» ትላለች። ነርሷ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ከስር ያለው ጨርቅ በደም ርሷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ፍለጋ ነው። ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፍሪጁ ያለው ፋርማሲ ነው፤ የፋርማሲው ተረኛ ለጊዜው አልተገኘም። ትልቁ ካኑላ ከክፍሉ አልቋል፤ ስቶር ውስጥ ግን አለ፤ የስቶሩ ቁልፍ ከስቶር ኃላፊው ጋር ወደ ቤት ሄዷል። ተረኛው ሐኪም ይጠራ ወይስ ትንሽ ይታይ? ትንሽ ይታይ ተባለ። ሲጠራ ደግሞ ስልኩ አይነሳም። እልል ያለችው አያት አሁን «ደም የሚሰጥ ሰው ፈልጉ» ተብላ በጨለማ ግቢ ውስጥ ትሮጣለች።

ይህ ሌሊት ለምሳሌ የተሳለ ነው፤ የአንድም ሆስፒታል ታሪክ አይደለም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሠራ ባለሙያ ግን ቢያንስ ግማሹን ያውቀዋል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አባባል አለው፤ «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ»። የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ ቆይቷል፤ በርበሬው የሚቀነጠሰው ግን ሰርገኛው በር ላይ ሲደርስ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ እንግዳ ደራሽ አይደለም። የትኛዋ እናት እንደምትደማ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ከሚወልዱት መካከል አንዷ እንደምትደማ ግን የተረጋገጠ ነው። ቀኑ ሳይታወቅ መምጣቱ የሚታወቅ አደጋ ደግሞ መድኃኒት ገዝቶ ስቶር ውስጥ በማስቀመጥ ብቻ አይመከትም። የሚመከተው በተለማመደ ቡድን ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ዛሬም በቂ ትኩረት ያላገኘው ይኸው የቡድን ዝግጁነት ነው።

ጠላቱ ሰዓት ነው

ነገሩ ለምን ደቂቃ እንደማይሰጥ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በእርግዝና መጨረሻ ላይ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ይህን ሁሉ የደም ሥር ጨምቆ የሚዘጋው የማህፀኑ ጡንቻ ነው። ማህፀኑ ደክሞ ካልተኮማተረ የተከፈተው ቧንቧ እንደተከፈተ ይቀራል። ከባድ ደም መፍሰስ የገጠማት እናት ሕክምና ካላገኘች በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ሌላም አታላይ ነገር አለ። ወጣትና ጤነኛ ሴት ብዙ ደም እስክታጣ ድረስ ሰውነቷ ችሎ ይቆማል። የልብ ምቷ ይፈጥናል፤ የደም ግፊቷ ግን ለጊዜው ደህና ይመስላል። «ግፊቷ ጥሩ ነው» ተብሎ ሲጠበቅ ቆይቶ ግፊቱ የወረደ ዕለት ብዙ ጊዜ ባክኗል። በእርግዝናዋ ወቅት ደም ማነስ የነበረባት እናት ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አትችልም፤ ለሌላዋ ቀላል የሆነው የደም መጠን ለእሷ ከባድ ነው።

ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ለመፈለግ የሚባክን 10 ደቂቃ በሌላ መሥሪያ ቤት እንደሚባክን 10 ደቂቃ አይቆጠርም።

ኑ ተብለው የመጡ እናቶች

ጉዳዩን የሕክምና ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ጉዳይ የሚያደርገው አንድ ታሪክ አለ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ አብዛኛዋ እናት የምትወልደው ቤቷ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ፤ የሴቶች የልማት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተከፋፈለ፤ የእናቶች ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ፤ ገንፎና ቡና ሳይቀር ጤና ጣቢያ ግቢ ገባ። መልእክቱ አንድ ነበር፤ «እናት ስትወልድ መሞት የለባትም፤ ኑና በጤና ተቋም ውለዱ።»

እናቶችም ሰሙ። በእ.ኤ.አ. 2016 ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 26 ደረሱ፤ በ2019 ደግሞ ወደ ግማሽ ተጠጉ። የእናቶች ሞትም ወረደ። በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 የነበረው በ2016ቱ ጥናት 412 ሆነ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሊካድም አይገባም።

ነገር ግን ግብዣ ዕዳ አለው። ቤቷ ወልዳ ደም ሲፈስሳት የሞተች እናት የርቀትና የመንገድ ሰለባ ነበረች። ተጠርታ፣ በአምቡላንስ መጥታ፣ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ባለሙያ አጠገቧ ቆሞ የምትሞት እናት ግን የምን ሰለባ ናት? «ዘግይታ መጣች» የሚለው ምክንያት ለእሷ አይሠራም። እሷ በሰዓቱ መጥታለች። የዘገየው የጠራት ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ እናቶችን ወደ ተቋም ማምጣት ነበር። ሁለተኛው ተቋሙን ለመጡት እናቶች ዝግጁ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሪባን የሚቆረጥበት ሕንፃ ስለሌለው ጎልቶ አይታይም።

ልጁ ይመዘናል፣ የእናቱ ደም አይመዘንም

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ይፋ የሆነ «ኢ-ሞቲቭ» የተባለ ትልቅ ጥናት አለ። የተካሄደው በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ሲሆን ከ200,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ ነበር። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ ሆስፒታሎቹ ግን ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም፤ ወረፋው፣ የባለሙያ እጥረቱና የመብራት መቆራረጡ ይተዋወቃሉ።

ጥናቱ አዲስ መድኃኒት አልፈጠረም። ከፊሎቹ ሆስፒታሎች በለመዱት አሠራር ቀጠሉ። በሌሎቹ ውስጥ ግን በእያንዳንዷ ወላጅ ሥር የሚፈስሰውን ደም የሚሰበስብና መጠኑን በመስመር የሚያሳይ ፕላስቲክ ተዘረጋ። ደሙ ከመስመሩ ሲደርስ ደግሞ ማህፀኑን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት መስጠት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ ማስገባት፣ የደሙን ምንጭ መመርመርና ካልቆመ የበላይ ባለሙያ መጥራት በአንድ ላይ እንዲጀመሩ ተደረገ። አንዱ አልሠራም ሲባል ሌላውን እየጠበቁ መሞከር ቀረ። ዕቃው በአንድ ጋሪ ወይም ሳጥን ተዘጋጀ፤ ልምምዱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ተሰጠ፤ ጉዳዩን የሚያስታውስና የሚገፋ ሰው ከሠራተኞቹ መካከል ተመረጠ፤ ውጤቱ በየጊዜው ለሠራተኞቹ ተነገረ።

ከአንድ ሊትር በላይ መድማት፣ ደሙን ለማስቆም ሆድ መክፈት ወይም በደም መፍሰስ መሞት በጥቅል ሲታዩ በ60 በመቶ ቀነሱ።

ይበልጥ ሊያነጋግር የሚገባው ግን በለመዱት አሠራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች የታየው ነው። እዚያ ከደሙ እናቶች መካከል መድማታቸው የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ዝግጅቱ ባለባቸው ሆስፒታሎች 93 በመቶ። ሙሉ ሕክምናው በአንድ ላይ የተሰጠው ደግሞ በለመዱት ዘንድ ለ19 በመቶዎቹ፣ በተዘጋጁት ዘንድ ለ91 በመቶዎቹ ነበር። እነዚያም ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም። ኦክሲቶሲን ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱን በሰዓቱ በሥራ ላይ የሚያውል ሥርዓት ነበር።

ለምን ግማሹ ሳይታወቅ ቀረ? ዓይን ስለሚዋሽ ነው። ደም ጨርቅ ውስጥ ይሰርጋል፤ አልጋ ሥር ይንጠባጠባል፤ ከሽንትና ከሽርት ውሃ ጋር ይቀላቀላል። በዓይን ግምት የሚፃፈው ቁጥር ከእውነተኛው በግማሽ ያህል ሊያንስ እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል። በየማዋለጃ ክፍሉ ሚዛን አለ፤ ልጁ ተመዝኖ ክብደቱ ካርድ ላይ ይሰፍራል፤ ለዘመድም ይነገራል። የእናቱ ደም ግን «መጠነኛ» ተብሎ ይታለፋል። መለኪያው ፕላስቲክ ባይኖር እንኳ የራሰውን ጨርቅ መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስ ይቻላል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽንና ከዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን ጋር ያወጣው መመሪያም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። ቀድሞ 500 ሚሊ ሊትር ይጠበቅ ነበር፤ አሁን 300 ሚሊ ሊትር ሆኖ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከተዛባ ሕክምናው እንዲጀመር ይመክራል። ነገር ግን 300ን ከ500 ለመለየት መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ደም በማይለካበት ክፍል መመሪያው ወረቀት ነው።

መድኃኒቱ ቁልፍ ውስጥ ሲያድር

ትራኔክሳሚክ አሲድ የራሱ ታሪክ አለው። ጃፓናዊቷ ሐኪም ዶክተር ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤታቸው ጋር መድኃኒቱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገኙ። ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶች እንዲሞከር ቢፈልጉም በወቅቱ ሰሚ አላገኙም። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ21 አገሮች ወደ 20,000 የሚጠጉ እናቶችን ያካተተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ መድኃኒቱ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚደርሰውን ሞት በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ታወቀ። ዶክተር ኦካሞቶ ይህን ሳያዩ በ2016 አርፈዋል።

ከዚያ በኋላ የወጣ ትንተና እንዳሳየው መድኃኒቱ በየ15 ደቂቃው ሲዘገይ ጥቅሙ በ10 በመቶ ገደማ እየወረደ ይሄዳል። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቅም የለውም። ዓለም ይህን መድኃኒት ለእናቶች ለማድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ከስቶር እስከ አልጋ ያለውን 50 ሜትር ለመሻገር ሌላ 40 ደቂቃ ሲፈጅ ምን ይባላል?

ኦክሲቶሲንም ጠባይ አለው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቆ ያደረ ኦክሲቶሲን ብልቃጡ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ሊቀንስ ይችላል። ነርሷ ወግታ ማህፀኑ እምቢ ሲላት ስህተቱን በራሷ ወይም በእናትየዋ ላይ ታያለች፤ ስህተቱ ግን ከሳምንት በፊት ፍሪጁ ዘንድ ተፈጽሟል። ስለዚህ የፍሪጁን ሙቀት በየዕለቱ የሚመዘግበው ሠራተኛም የዚህ ቡድን አባል ነው።

ዝግጁነት ሲተረጎም

«ዝግጁ ነን» ማለት ቀላል ነው። ዝግጁነት ግን በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው።

አንደኛው ሳጥኑ ነው። ትልቅ ካኑላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ መርፌ፣ የሽንት ቱቦ፣ ጓንት፣ የደም ናሙና ማስቀመጫ በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፣ ያለ ቁልፍ። ኦክሲቶሲኑ እዚያው ክፍል ባለ ፍሪጅ። ተረኛ ሲቀያየር ሳጥኑ ተቆጥሮ ይፈረማል። አንድ ዕቃ ሲጠቀሙበት በማግስቱ ሳይሆን ያኔውኑ ይተካል። ለንብረት ቁጥጥር ሲባል የሕይወት አድን ዕቃን መቆለፍ ንብረቱን ያድን ይሆናል እንጂ እናቲቱን አያድናትም።

ሁለተኛው የሥራ ድርሻ ነው። አደጋ ሲመጣ «አንድ ሰው ሐኪም ይጥራ» ከተባለ ማንም አይጠራም፤ ወይም ሦስት ሰው ይጠራና ማህፀኑን የሚያሽ ይጠፋል። ተረኞች ሥራ ሲጀምሩ ማን ማህፀን እንደሚያሽ፣ ማን ካኑላ እንደሚያስገባ፣ ማን ሰዓትና መጠን እየተናገረ እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚሮጥ በስም ሊታወቅ ይገባል። የሚሮጠው የግድ የጤና ባለሙያ አይደለም። ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የአምቡላንሱ ሹፌር፣ የላብራቶሪው ተረኛ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሌሊት ላይ ሁለት ነርስ ብቻ ያለበት ክፍል አምስት ሰው የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው የመጥራት ሕግ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ ሰው ይገድላል። ጀማሪዋ ነርስ ከፍተኛውን ሐኪም በሌሊት ቀስቅሳ «ለዚህ ነው የጠራሽኝ?» መባልን ትፈራለች። ስለዚህ ትጠብቃለች። መፍትሔው «ደፋር ሁኚ» የሚል ምክር አይደለም። መፍትሔው የመጥራቱን ውሳኔ ከእሷ ላይ ማንሳት ነው። ደሙ ከመስመሩ ከደረሰ ይደወላል፤ በቃ። የሚጠራው ቁጥሩ ነው፣ ነርሷ አይደለችም። በከንቱ የተጠራ ሐኪም የሚያጣው እንቅልፍ ነው፤ ሳይጠራ የቀረ ሐኪም ጠዋት የሚያገኘው ሬሳ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ደምና ሪፈር ነው። አያቲቱ በሌሊት ደም ሰጪ እንድትፈልግ መላክ ዕቅድ አይደለም። የትኛው የደም ባንክ ቅርብ እንደሆነ፣ ለድንገተኛ የሚሆን ደም ስንት ከረጢት በእጅ እንዳለ፣ ሲያልቅ ማን እንደሚያመጣ በቀን የሚወሰን ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና የማይሠራበት ጤና ጣቢያ ደግሞ የመጀመሪያውን ሕክምና ጀምሮ፣ ካለው ደም መፍሰስን የሚያዘገየውን ፀረ-ሾክ ልብስ አልብሶ፣ ባለሙያ አብሮ አሳፍሮ መላክ አለበት፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ደግሞ አምቡላንሱ በር ላይ ሲደርስ ሳይሆን ሲነሳ ሊያውቅ ይገባል።

አምስተኛውና ከሁሉም የሚረሳው ልምምድ ነው።

ስልጠናው አዳማ፣ ደሙ ማዋለጃ ክፍል

«ስልጠና ተሰጥቷል» የሚል መልስ ከየአቅጣጫው ይመጣል። እውነት ነው፣ ተሰጥቷል። አንድ ነርስና አንድ ሐኪም ከየሆስፒታሉ ተመርጠው አዳማ ወይም ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ይቀመጣሉ። ስላይድ ይታያል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይከፈላል፤ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ተመልሰው ሲመጡ ያወቁትን ለሌላው የሚያካፍሉበት ጊዜ የለም። ከስድስት ወር በኋላ አንዷ ተዛውራለች፤ አንዱ ለስፔሻላይዜሽን ሄዷል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሆስፒታሉ «የሰለጠነ» ነው።

ለዚህ ችግር አንድ ሰው ብቻውን ሊሰለጥን አይችልም። እግር ኳስ ቡድን አንድ ተጫዋች ወደ ካምፕ ልኮ «ተለማመድን» አይልም። የሚለማመደው አብሮ የሚጫወተው ነው፤ የሚለማመደውም በሚጫወትበት ሜዳ ነው።

ልምምዱ ደግሞ ሆቴል አይፈልግም። ተረኛ ሲቀያየር 15 ደቂቃ ይበቃል። አንዷ ነርስ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በከረጢት ይያዛል፤ አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል። «እናትየዋ በረደኝ ብላለች፤ ጀምሩ!» የመጀመሪያው መድኃኒት በስንት ደቂቃ ተሰጠ? ሐኪሙ በስንት ደቂቃ ደረሰ? ምን ጠፋ? ከዚያ አምስት ደቂቃ ያለ ወቀሳ ይነጋገራሉ። በልምምድ ቀን የጠፋ ቁልፍ ማንንም አይገድልም።

ይህ ከንቱ ተስፋ አይደለም። በታንዛኒያ 30 የጤና ተቋማት ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ለሦስት ዓመት የተካሄደ መርሐ ግብር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነበር፤ አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ በሥራ ቦታ የሚደረግ የቡድን ልምምድ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ውጤት በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ40 በመቶ፣ የእናቶች ሞት ደግሞ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካ ውስጥ የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ የሆነው «ጆይንት ኮሚሽን» እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የማዋለድ አገልግሎት የሚሰጡ ሆስፒታሎች ለደም መፍሰስ የተዘጋጀ ዕቃ በቅርብ እንዲኖራቸውና በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ቡድናቸውን እንዲያለማምዱ ግዴታ አድርጓል። በገንዘብና በመሣሪያ የማይታሙ ሆስፒታሎች ተገደው ከተለማመዱ፣ የመሣሪያ እጥረት ያለባቸው ይበልጥ መለማመድ አለባቸው።

ደመወዙስ?

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የጤና ባለሙያው የደመወዝና የአኗኗር ጥያቄ በ2017 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ ሁሉም ሰምቶታል። በአንድ ሌሊት ለብዙ ወላዶች የምትሮጥ፣ ተርቦ የሚያድር ቤተሰብ ያላት ነርስ «ደግሞ ልምምድ ጨምሪ» ስትባል ብትቆጣ አይፈረድባትም። ልምምድ የደመወዝ ምትክ አይሆንም፤ የሰው ኃይል እጥረትንም አይሸፍንም። ማንም ኃላፊ ይህን ጉዳይ የባለሙያውን ጥያቄ ለማድበስበሻ ሊጠቀምበት አይገባም።

ግን ነገሩን ገልብጦ ማየትም ያስፈልጋል። ያልተዘጋጀ ክፍል መጀመሪያ የሚጎዳው እናቲቱን ነው፤ ሁለተኛ የሚጎዳው ነርሷን ነው። ዕቃ ፈልጋ ያጣችው፣ ደውላ መልስ ያላገኘችው፣ እጇ ላይ እናት የሞተችባት እሷ ናት። ጠዋት «ምን ስትሠሪ ነበር?» የምትባለውም እሷው ናት። የተሟላ ሳጥንና የተለማመደ ቡድን ለባለሙያዋ ጋሻ እንጂ ተጨማሪ ሸክም አይደለም።

«በጀት የለም» የሚለው ደግሞ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ደምና መድኃኒት ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሳጥን ማዘጋጀት፣ ቁልፍ ማንሳት፣ የሥራ ድርሻ መከፋፈል፣ ጨርቅ መመዘን፣ በሳምንት 15 ደቂቃ መለማመድ ግን የሚፈልጉት ውሳኔ ነው። ውሳኔውም የነርሷ ሳይሆን የሥራ አስኪያጁና የሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ

ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞትን የሚመረምር የቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ዘርግታለች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ ሞት ይመረመራል፣ ከሞቱ ትምህርት ይወሰዳል። ችግሩ ምርመራው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሆን ነው። ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ቅጹ ይሞላል፤ «ዘግይታ መጣች» ተብሎ ይዘጋል። ባለሙያው ቅጣት ስለሚፈራ የጠፋውን ቁልፍ አይጽፍም። ያልተጻፈ ቁልፍ ደግሞ በቀጣዩ ወርም ይጠፋል።

ሁለት ነገር ቢለወጥ ብዙ ይለወጣል። አንደኛ፣ የሞተችው ብቻ ሳትሆን ደምታ የተረፈችውም ትመርመር። የተረፈችው እናት ቡድኑ ምን እንደሠራና የት እንደዘገየ ያለ ሐዘንና ያለ ክስ ታስተምራለች። ሁለተኛ፣ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ከሚለው ወደ «ምን ጎደለ?» ይዙር።

የሆስፒታል ቦርድ አባላት አብዛኞቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ የሕክምና ጉዳይ ሲነሳ ዝም የሚሉት ለዚህ ይሆናል። ነገር ግን ማንም ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊጠይቃቸው የሚችል ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የማዋለጃ ክፍሉ ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ በሌሊት የተለማመደው መቼ ነው? ባለፈው ወር ደም የፈሰሳቸው እናቶች የመጀመሪያውን መድኃኒት በስንት ደቂቃ አገኙ? ሌሊት ላይ የስቶሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎችም ሆስፒታሎችን ሲመዝኑ ከሰለጠነ ሰው ቁጥር ይልቅ እነዚህን ቢጠይቁ፣ ሪፖርቱ አጭርና እውነተኛ ይሆናል። ሕዝቡም ድርሻ አለው። ደም ባንክ የሚሞላው ጎረቤት ሳይታመም አስቀድሞ ደም በሚሰጥ ሰው ነው።

ያው ሌሊት፣ ሌላ ክፍል

አሁን ያ ሌሊት እንደገና ይታሰብ። ሰዓቱ ያው 8 ሰዓት ነው፤ ነርሶቹም ያው ሁለት ናቸው። ልጁ ተወልዶ አያቲቱ እልል ብላለች። እናትየዋ «ሲስተር፣ በረደኝ» ከማለቷ በፊት ነርሷ ከስሯ የተዘረጋውን ፕላስቲክ አይታለች፤ ደሙ ከመስመሩ ደርሷል። ጮክ ብላ ተጣራች። ሁለተኛዋ ሳጥኑን ይዛ መጣች። አንዷ ማህፀን ታሻለች፤ ሌላዋ ካኑላ ታስገባለች። ዘበኛው ስልክ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ ማደሪያ ሮጧል፤ ባለፈው ሳምንት ተለማምዶታል። የላብራቶሪው ተረኛ ደሙን አዘጋጅቷል።

ይህኛው ክፍል ከመጀመሪያው የበለጠ ሕንፃ የለውም፤ የበለጠ ባለሙያም የለውም። በርበሬውን ግን አስቀድሞ ቀንጥሷል። ማህፀኑ ቀስ እያለ ጠነከረ፤ ደሙ ቆመ። ሲነጋ አያቲቱ ገንፎዋን ይዛ ትገባለች፤ ጎረቤቶችም ተከትለዋት በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ።